የማንም ዲፓርትመንት ያልሆነ ሐይቅ

ከፈረስ መጋላ ተነስቶ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ያለፈ ሰው የስፌት መኪኖቹ ጩኸት ከጆሮው ሳይጠፋ ጊደር መጋላ ይደርሳል። በርበሬው፣ ዕጣኑ፣ ሥጋ ተራው፣ ጣራ ላይ ሆነው የገዢውን እጅ የሚጠባበቁት ጭልፊቶች ሁሉም እዚያው ናቸው። ከአንድ የቅመም ሱቅ ደጃፍ ሦስት ሰዎች ቁጭ ብለዋል። መምህሩ ሐረር ውስጥ ታሪክ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ተማሪዋ የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ላይ ሆና ለሴሚስተር ዕረፍት ቤት ገብታለች። ባለሱቁ ሁለተኛ ደረጃ ሳለ በመምህሩ እጅ ያለፈ ነው። በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ጥቂት ዓመት ሳይት ላይ ከሠራ በኋላ አባቱ ሲያርፉ ሱቁን ተረከበ።

ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ አንተ እንኳ ስማኝ፤ እማዬ ልትሰማኝ አልቻለችም። ሶፍትዌር ልማር ብዬ ነው የገባሁት። ሴሚስተሩ አለቀ፣ አንድ መስመር ኮድ አልጻፍኩም። ሳይኮሎጂ ተማርኩ፣ ሎጂክ ተማርኩ፣ ጂኦግራፊ ተማርኩ። ስፖርት ሳይቀር ሮጥኩ።

መምህሩ፦ ስፖርቱ ምን በደለሽ?

ተማሪዋ፦ አቦ ጋሼ፣ አትቀልድብኝ! ነገ ሥራ ስፈልግ ስለ አንትሮፖሎጂ የሚጠይቀኝ ማነው?

ባለሱቁ፦ ማንም አይጠይቅሽም። እኔ በገባሁበት ዘመን ይሄ የምትይው ነገር ጭራሽ አልነበረም። ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት በ1996 ግድም ቀረ፤ 11ኛና 12ኛ ክፍል ፕሪፓራቶሪ ሆነና ከዚያ ቀጥታ ወደ ዲፓርትመንት ነው። በ2000 ግድም ደግሞ 70/30 መጣ፦ ከመቶው ሰባው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው የቀረው ሁሉ። እኛ ከሰባው ነን ብለን ደረታችንን ነፍተን ገባን።

መምህሩ፦ ደረቱስ የት ደረሰ?

ባለሱቁ፦ ይኸው ቅመም ይመዝናል፣ መምህር። ግን በምህንድስናው አላማርርም። የተማርኩትን አውቀዋለሁ። ኮንክሪት ስንት ቀን እንደሚጠጣ፣ ብረቱ በየስንት ሳንቲም እንደሚታሰር ሌሊት ቀስቅሰው ቢጠይቁኝ እመልሳለሁ። ለእሷም የምለው ይህንኑ ነው፤ የምትይዢውን ሙያ ቶሎ ያዢ።

መምህሩ፦ ፍሬሽማንን ያስቀሩት ሰዎችም ሞኞች አልነበሩም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ደሃ አገር ነን፣ አራት ዓመት የሚፈጀው ዲግሪ በሦስት ይለቅ፣ የጋራ ትምህርቱን ሁለተኛ ደረጃው ይሸከመው። ወረቀት ላይ ያስኬዳል። ሁለተኛ ደረጃው ግን አልተሸከመውም፤ እዚያው ስለነበርኩ አውቃለሁ። 11ኛ ክፍል ላይ ልጁ ናቹራልና ሶሻል ተብሎ ይከፈላል። ናቹራል የገባው ታሪክን 10ኛ ክፍል ላይ ይሰናበታል፣ ሶሻል የገባው ፊዚክስን። ከእነዚያ ልጆች ስንቱ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ «መምህር፣ ታሪክ ደህና ናት?» ይለኛል፤ አሮጊት አክስቱን የሚጠይቅ ነው የሚመስለው።

ባለሱቁ፦ እንግዲያው ሁለተኛ ደረጃውን አስተካክላችሁ ጨርሱ! ለምን ልጅቷ አንድ ዓመት ትቀጣለች? ዓመት እኮ ገንዘብ ነው። ወጪ መጋራቱ በእሷ ስም ነው የሚጻፈው። እናቷ የአራት ዓመት የዶርም ወጪ አስባ የነበረ እንደሆነ አምስት ሲሆን ከየት ታመጣለች?

መምህሩ፦ ይሄ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ሙሉ መልስ አለኝ ብዬ አልዋሽህም። የ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር ማለፊያ ያመጣው 3.3 ከመቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ደረጃው ሸክሙን ተሸክሟል የሚል ሰው አላየሁም። ሬሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርትም የመጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንተ «ታች አስተካክሉ» ስትል ትክክል ነህ። ግን ታች እስኪስተካከል ድረስ ላይ የሚደርሰውን ልጅ ምን እናድርገው?

ተማሪዋ፦ ኮድ አስተምሩት።

መምህሩ፦ እሺ፣ ኮዱን እንመለስበታለን። ሎጂክ ስንት አመጣሽ?

ተማሪዋ፦ ኤ።

መምህሩ፦ እንዴት አጠናሽው?

ተማሪዋ፦ ሞጁሉ ፒዲኤፍ ነው፣ ቴሌግራም ላይ አለ። ያለፉትን ዓመታት ፈተና ከሲኒየሮች ወሰድን። የፋላሲዎቹን ስም የመጀመሪያ ፊደላቸውን ገጣጥሜ ሸመደድኩ። አሳይመንቱን ደግሞ... በቻትጂፒቲ ነው የሠራነው፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

መምህሩ፦ በራስ ማሰብን የሚያስተምረውን ኮርስ ሌላ አሰበልሽ ማለት ነው።

ተማሪዋ፦ ምን ላድርግ ጋሼ? ሶፍትዌር የሚገባው ሰው በቁጥር ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤትና የፍሬሽማን ግሬድ ተደምሮ ነው ዲፓርትመንት የሚሰጠን። አንትሮፖሎጂ ላይ ቢ ባመጣ ሶፍትዌር ሊያመልጠኝ ይችላል። እኔ ስለ ሰው ልጅ ባህል ላስብ ወይስ ስለ ነጥቤ?

ባለሱቁ፦ እንዲህ ነው እንጂ ንግግር!

መምህሩ፦ አዎ፣ ዋናው ነገር የተደበቀው እዚህ ነው። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ሲመለስ የተባለው፣ ልጁ ከልዩ ሙያው በፊት አገሩን፣ ራሱንና የአስተሳሰብን ሥርዓት ይወቅ ነው። መልካም። ግን የሚያሰፋውን ዓመት የምደባ ወንፊት አደረጉት። በወንፊት የሚያልፍ ሰው ዙሪያውን አያይም፤ ቀዳዳውን ብቻ ነው የሚያየው። በዚያ ላይ ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ እሱም የሚጠይቀው የዲፓርትመንቱን ዋና ዋና ኮርሶች ነው። የጋራው ትምህርት መግቢያው ላይ ነጥብ ነው፣ መውጫው ላይ ደግሞ የለም። ልጁ ይህን በሁለት ሳምንት ውስጥ ያውቀዋል።

ባለሱቁ፦ በእናንተ ዘመን ጥሩ ነበር ሊሉን ነው እንግዲህ።

መምህሩ፦ አልልም። እኔ ስድስት ኪሎ የገባሁት በ1964 ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። የጋራ ትምህርቱ ልማድ ከዚያም ይቀድማል፤ በ1943 የተከፈተውን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ያቋቋሙት የካናዳ ኢየሱሳውያን ናቸው። ሃይማኖት ይሰብካሉ እንዳይባል ካህናት ሆነው ሳሉ በሲቪል ልብስ ነበር የሚያስተምሩት። ከእነሱ አንዱ ክላውድ ሳምነር ዕድሜያቸውን በግዕዝ የተጻፉትን የፍልስፍና መጻሕፍት በመመርመር ጨረሱ። ይህ ሁሉ ነበረ። ግን በዚያው ግቢ «የገና ምሩቅ» የሚባልም ነበር፤ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

ተማሪዋ፦ አልሰማሁም።

መምህሩ፦ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሳይሞላለት ተባርሮ ለገና ቤቱ የሚገባ ፍሬሽማን ነው። ሻንጣውን ይዞ አውቶቡስ ተራ ሲታይ ጓደኞቹ እንኳን ለምረቃህ አደረሰህ ይሉታል። ቀልዱ ከባድ ነበር። ወንፊቱ እንግዲህ ዛሬ አልተፈለሰፈም፤ ያኔም ነበረ። ልዩነቱ እኛ ከወደቅን ከግቢው ነው የምንወጣው፣ እናንተ የምትወጡት ከምትፈልጉት ዲፓርትመንት ነው።

ተማሪዋ፦ ታዲያ እንዲህ ከሆነ ለምን ትከላከልለታለህ?

መምህሩ፦ በሐይቁ ምክንያት።

ባለሱቁ፦ የትኛው ሐይቅ?

መምህሩ፦ የእሷ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ ያለው። ሐረማያ። የኦክላሆማ ሰዎች የረዱት የእርሻ ኮሌጅ በ1950 ዓ.ም. ንጉሡ ሲመርቁት ከሐይቁ አጠገብ ነበር የተሠራው። ሐይቁ ቀልድ አልነበረም። በ1907 ዓ.ም. ጀልባ ተገልብጦ ወጣቱ ተፈሪ መኮንን ለጥቂት ሲተርፉ፣ አስተማሪያቸው አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን እዚያው ሰጥመው ቀርተዋል።

ባለሱቁ፦ እኔ ልጅ ሆኜ ከብት ሲግጥበት ነው ያየሁት።

መምህሩ፦ አዎ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ሜዳ ሆነ። አሁን እንግዲህ ስሙኝ። ፍሬሽማን የቀረው መቼ ነው? በ1996። ሐይቁ የደረቀው መቼ ነው? እዚያው ግድም። ሰፊው ዕውቀት ከግቢው ሲወጣ ውሃውም ተከትሎት ወጣ!

ተማሪዋ፦ ቆይ፣ ቆይ ጋሼ! ይሄማ ፎልስ ኮዝ ነው። አንዱ ከሌላው በኋላ ስለመጣ ብቻ ያኛው አመጣው ማለት አይቻልም። ሞጁሉ ላይ አለ። ሐይቁ በአንድ ዓመት አልደረቀም፤ ፍሬሽማን ገና ሳይቀር በፊት ሲጎድል ኖሯል።

ባለሱቁ፦ ኤዋ ሥራ ጀመረች!

መምህሩ፦ ይበል! በይ እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ፤ በምን ደረቀ?

ተማሪዋ፦ በፓምፕ። ለጫትና ለአትክልት በሞተር ይስባሉ። ከተሞቹም ይጠጡታል።

ባለሱቁ፦ ሐረርም ጠጥታለች። የእኛ ቧንቧ ከዚያ ነበር የሚመጣው። ሐይቁ ሲያልቅ ነው ከድሬዳዋ በኩል የጉድጓድ ውሃ ዳገት ለዳገት መሳብ የተጀመረው። ጀሪካን ይዘን የተሰለፍንበት ጊዜ አይረሳኝም።

መምህሩ፦ ዩኒቨርሲቲውስ?

ተማሪዋ፦ እሱም... ሳይጠጣ አይቀርም።

መምህሩ፦ ጠጥቷል። ዙሪያው ያለው ኮረብታም ተመንጥሮ አፈሩ ወደ ውሃው ይወርዳል። እስቲ አስቢው፤ አገሪቱ ውስጥ ስለ አፈር፣ ስለ መስኖና ስለ ሰብል በጣም የሚያውቁ ሰዎች የተሰበሰቡበት ግቢ ነው። ሐይቁን የሚያጠኑ ተመራማሪዎችም እዚያው ነበሩ። ዕውቀት አልጎደለም። የመስኖ ሰው የፓምፑን አቅም ያሰላል። የሰብል ሰው የጫቱን ምርት ይጨምራል። የዓሣ ሰው ዓሣውን ይቆጥራል። አወዳይ ላይ ጫት ስንት እንደሚሸጥና አንድ ገበሬ ጎረቤቱ ሞተር ሲገዛ ካየ በኋላ ለምን መታቀብ እንደማይችል፣ ውሃውስ በሕግ የማን እንደሆነ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ማንን እንደሚፈራ... ይሄ የማን ዲፓርትመንት ነው?

ተማሪዋ፦ የኢኮኖሚክስ፣ የሕግ፣ የአንትሮፖሎጂ።

መምህሩ፦ ከሁሉም ከተደመረ የማንም አይደለም ማለት ነው። የማንም ስላልሆነ ደረቀ።

ባለሱቁ፦ መምህር፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ፍልስፍና የተማረ የመስኖ መሐንዲስ ቢኖር ገበሬው ፓምፑን ያጠፋ ነበር? ጫት ብር ነው። ብርን ኮርስ አያሸንፈውም።

መምህሩ፦ አያሸንፈውም። እኔም ኮርስ ሐይቅ ያድናል አላልኩም። ግን ያ መሐንዲስ ቢያንስ ገበሬውን ቁጭ ብሎ ለመጠየቅ፣ የሰማውን ለሚኒስቴር በሚገባ ቋንቋ ለመጻፍ፣ ከሕግ ሰው ጋር ለመነጋገር ይችል ነበር። ያ ነው የጎደለው። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሐይቁ ውሃ መልሶ መያዝ ጀምሯል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አሁን ያለው ጥያቄ ሁለተኛ እንዳይጠፋ የሚነጋገረው ማነው የሚለው ነው።

(አንዲት ሴት ሩብ ኪሎ አብሽ ገዝታ፣ «ሙያ ያለው ሰው ወሬ አያበዛም» ብላቸው አለፈች። ባለሱቁ ሚዛኑን እየጠረገ ቀጠለ።)

ባለሱቁ፦ እንግዲህ እኔም አንድ ልናገር፤ ለእርስዎ የሚጠቅም ስለሆነ እየቆጨኝ ነው የምናገረው። ሳይት ላይ ሳለሁ ጀጎል ውስጥ አንድ የድሮ ቤት ይታደስ ነበር። ዲዛይኑን ያመጣው ልጅ ከሌላ ከተማ የመጣ፣ በትምህርቱ ጎበዝ የሆነ መሐንዲስ ነው። ነደባውን አፍርሶ ሳሎን አደረገው። ሶፋ ይቀመጥበታል ብሎ ወለሉን ደልድሎ አስተካከለ።

ተማሪዋ፦ ነደባውን?! አያቴ ብትሰማ!

ባለሱቁ፦ የቤቱ ባለቤት አሮጊት ናቸው። መጥተው ቆመው አዩና «አሚር ነደባው የታለ?» አሉ። ልጁ ምን እንደጠየቁት አልገባውም። ለእሱ ነደባ ከወለል ከፍ ያለ የጭቃ መደብ ነው። ትልቁ ሰው የት እንደሚቀመጥ፣ እንግዳ የት፣ ልጆች የት፣ ሙሽራ የት... ቤቱ የተሠራው በዚህ ሥርዓት ነው። ግድግዳውንም በሲሚንቶ ለሰነው። የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ሲሚንቶ ሲደፈንበት እርጥበቱን ማስወጣት ያቅተዋል፤ ልስኑ ፈንድቶ ወደቀ። ሲሚንቶውን እኮ ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም!

መምህሩ፦ ታዲያ ያ ልጅ አንትሮፖሎጂ ቢማር ኖሮ?

ባለሱቁ፦ በእሷ ዓይነት ከሆነ፣ በቴሌግራም ፒዲኤፍ፣ ምንም አይለወጥም ነበር። ግን አንድ ቀን እንኳ ሰው ቤት ገብተህ «ይሄ ለምን እንዲህ ሆነ?» ብለህ ጠይቀህ ጽፈህ አምጣ ብለውት ቢሆን... እሱስ እውነት ነው። አሮጊቷን ይጠይቃቸው ነበር። ጥያቄው ወደ አፉ ይመጣ ነበር።

መምህሩ፦ ይሄ ነገር ከፈረንጅ የመጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቅኔ ቤት የዋለ ተማሪ ሰዋስው፣ ታሪክ፣ ሃይማኖትና ፖለቲካ አንድ ላይ ነው የሚማረው፤ ቅኔውን ሊቆጥር ሲነሳ ሁሉም ያስፈልገዋል። በዚህ በሐረር በኩልም ሼህ በክሪ ሳጳሎን አስቡ። የሃይማኖት ሊቅ ናቸው፣ ገጣሚ ናቸው፣ ታሪክ ጸሐፊ ናቸው። ተማሪዎቻቸው በገዛ ቋንቋቸው እንዲጽፉ ብለው በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለኦሮምኛ ራሱን የቻለ ፊደል ፈጠሩ። እሳቸውን «ዲፓርትመንትዎ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ነበር?

ባለሱቁ፦ የእርስዎ ነገር! ሼህ በክሪ እኮ መጨረሻቸው ስደት ነው። ሶማሊያ ስደተኛ ካምፕ ውስጥ ነው ያረፉት።

መምህሩ፦ አዎ። ሰፊ ዕውቀት ከመንግሥት አያስጥልም፤ አንዳንዴ እንዲያውም ያጣላል። ለዚህም ይሆናል ብዙ መንግሥት የማይወደው። የእኛንም ትውልድ በዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ገጠር አስተምሮ የተመለሰው ሲኒየር ነው ስለ መሬት መናገር ያስጀመረን። በእኛ ተራ አገልግሎቱ ቀርቶ በ1967 የእድገት በኅብረት ዘመቻ መጣ። ያ ሌላ ታሪክ ነው፤ ዛሬ አልገባበትም።

ተማሪዋ፦ የታሪክ ኮርስ ራሱ ስንት ጭቅጭቅ አስነስቶ የለ? ሲኒየሮች ሲያወሩ ሰምቻለሁ።

መምህሩ፦ በ2012 ረቂቁ ሲወጣ ያልተጨቃጨቀ የለም። አንዱ የእኔ ታሪክ ተዘለለ አለ፣ ሌላው ተጋነነ አለ። እኔ ብሆን ጭቅጭቁን ራሱን ነበር የማስተምረው። በዚያው ዓመት ሰኔ ውስጥ እዚህ ሐረር የራስ መኮንን ሐውልት ተጎትቶ ወደቀ። አንዱ በዚያ ሐውልት ላይ ሥልጣኔ ያመጣ ገዥ ያያል፣ ሌላው ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ የመጣ ወራሪ ያያል። ሁለቱም እዚሁ ከተማ፣ አንዳንዴም አንድ ዶርም ውስጥ ይኖራሉ። ሁለቱን ልጆች ፊት ለፊት አስቀምጬ እያንዳንዱ የሌላውን ክርክር ባለቤቱ «አዎ፣ ያልኩት ይሄንን ነው» እስኪል ድረስ ተናገር እል ነበር። ከዚያ በኋላ ይጣሉ ከፈለጉ።

ባለሱቁ፦ ይሄንን የሚያስተምር መምህር ከየት ይመጣል? አንድ አዳራሽ ውስጥ ስንት ልጅ ነው የሚቀመጠው?

ተማሪዋ፦ በጣም ብዙ። ከኋላ የተቀመጠ አይሰማም።

መምህሩ፦ ልክ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ የፍላጎት ብቻ አይደለም። ግን በትንሽ ተጀምሮ የሚሠራ ቦታ አለ። ጋና ውስጥ አሸሲ የሚባል ዩኒቨርሲቲ በ2002 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። መሥራቹ ፓትሪክ አዉዋ ማይክሮሶፍት ውስጥ መሐንዲስ የነበረ ሰው ነው። ኮምፒዩተር ሳይንስ ያስተምራል፤ ኮዱን ግን ከፍልስፍና፣ ከጽሑፍና ከአፍሪካ ጥናት አይነጥለውም። ወደ ኮዱ እመለሳለሁ ብዬሽ ነበር አይደል? ይኸው። ያ ሰው ማሽኑን ከውስጥ የሚያውቅ ነው፤ እሱ ራሱ ኮድ ብቻውን አይበቃም ካለ እኔ የታሪክ መምህር ባልልም ይሆናል።

ተማሪዋ፦ እሺ ጋሼ፣ አሁን እኔም አንድ ነገር ታየኝ። አሳይመንቱን ቻትጂፒቲ የሠራው ለምን እንደሆነ ታውቃለህ? ጥያቄው የትም አገር ያለ ጥያቄ ስለሆነ ነው። «የባህልን ባሕርያት ዘርዝር» ይላል። ይሄንን ማሽን በደቂቃ ይዘረዝራል። «አወዳይ ሂደሽ ፓምፕ ያለውን ገበሬ ጠይቂና ጻፊ» ቢለኝ ግን ማሽኑ ምን ያውቃል? እኔ ነኝ የምሄደው።

ባለሱቁ፦ ለነጥብ ከሆነ እሱንም ፈጥረሽ ትጽፊያለሽ።

ተማሪዋ፦ ለዚህ ነዋ ነጥቡን አውጡልን የምለው! አለፈ ወይም አላለፈም ይበሉት። ያላለፈ ይድገም። ለዲፓርትመንት ምደባ ሒሳቡንና ከሙያው ጋር የሚሄዱትን ኮርሶች ይቁጠሩ። የጋራዎቹን ግን አይቁጠሩ።

ባለሱቁ፦ ካልተቆጠረ ማን ያጠናል? አንድም ሰው ክላስ አይገባም።

ተማሪዋ፦ አሁንስ ማን ያጠናል? እንሸመድዳለን እንጂ።

መምህሩ፦ እሷ ያለችው ይሻለኛል። ሰነፉ እንደሆነ አሁንም ሰነፍ ነው። ቢያንስ ጎበዟ ልጅ ኤ ለማዳን ስትል መጠየቅ አትፈራም። ወጪውን በሚመለከት ግን አንተ አሸንፈሃል፤ አንድ ሙሉ ዓመት ማድረግ ግዴታ አይደለም። የተወሰኑትን ኮርሶች ወደ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት ማሻገር ይቻላል። እንዲያውም ይሻላል፤ ልጁ ሙያውን ቀመስ ካደረገ በኋላ ነው ጥያቄው የሚመጣለት።

ባለሱቁ፦ ይሄንን ከመጀመሪያው ቢሉኝ ኖሮ ይህን ያህል አልከራከርም ነበር።

ተማሪዋ፦ ሰኞ ስንመለስ የክፍል ተወካዮች ስብሰባ አለን። ምን ልበላቸው?

መምህሩ፦ ለዲኖቹና ለኮርሱ መምህራን በጽሑፍ አቅርቡት፤ በአፍ የተነገረ ይረሳል። ከእያንዳንዱ ዘርፍ አንድ አንድ ልጅ ያለበት ቡድን ይቋቋም፤ ሶፍትዌሩም፣ ሕጉም፣ ሰብሉም። የጂኦግራፊ፣ የኢኮኖሚክስና የአንትሮፖሎጂ አሳይመንት አንድ ይሁንና ስለ ሐረማያ ሐይቅ ይሁን። አውቶቡስ አይጠይቅም፣ በጀት አይጠይቅም፤ ከግቢው በር ሐይቁ በእግር ይደረሳል።

ባለሱቁ፦ ከታች ደግሞ አንድ መስመር ጨምሩበት፦ ግሬዱን ከምደባው አውጡት።